የጥሯ ሴትዮ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ከሩብ ሲል ገና፣
ትራስ ሥር ያለው ስልክ ይንዘፈዘፍና፦
«ትርንጎ፣ ተነሺ! አንበሳ ነሽ አንቺ!
ደረጃው ይጠብቃል፣ እንቅልፍሽን ርቺ!»
ይላል ጽሑፉ። ደራሲዋን አውቃለሁ፣
መልኳን በመስታወት በየቀኑ አያለሁ፤
የጥሯ ሴትዮ ናት፣
ሐኪሙ «ስኳርሽ ድንበሩን ሊያልፍ ነው» ብሎ ያስደነገጣት።
አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሶፋ ላይ ተኝታ፣
ኩኪሱን ከነቆርቆሮው ደረቷ ላይ ትታ፣
የአርባ ቀን ማሳሰቢያ በአንዴ ጽፋ የሞላች፣
እኔን ሳታማክር እኔን የቀጠረች።

እርግጥ፣ ለጻፈው ሰው መጻፍ ምን ይገዳል?
ቃል በሙቅ ሳሎን ውስጥ ጥሩ ይራመዳል።
የት አየችውና የኤድመንተንን ንፋስ፣
በየካቲት ጠዋት ጉንጭ ላይ ሲያርፍ እንደ ፋስ!
ከወንዙ ዳር ሽቅብ መቶ ሰማንያ ስድስት
የእንጨት ደረጃ አለ፣ ቆጥረው የማይረሱት፤
ማታ ላውንድሪ ቤት አንሶላ ሲያገላብጥ
ያመሸው ጉልበቴ ሃያው ላይ ሲንቀጠቀጥ፣
ከኪሴ ትጮሃለች፣ በሞቀው ተቀምጣ፣
«ትችያለሽ!» ትላለች፣ ትንፋሽ ላታዋጣ።

በሰባተኛው ቀን፦ «ጀግና አይታክተውም።»
(ይታክተዋል እንጂ፤ ጀግና አይታ አታውቅም።)
በአሥራ ሁለተኛው፦ «ሕልምሽን አትሽጪ!»
ሕልሜማ አልጋው ላይ ነው፤ ምነው «ውጪ፣ ውጪ»?
በአሥራ ዘጠነኛው ስልኩን ገለበጥኩት፣
ከነመፈክሩ በትራስ አፈንኩት።
በሃያኛውም እንደዚያው።
በሃያ አንደኛው
ጫማዬ በር ሥር ሆኖ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤
ምንም አልተባባልንም።

ዘርፌ፣ የሥራ ጓዴ፣ ጂም ተመዝግባለች፤
በየወሩ ሲቆርጡባት፣ «እኔስ ባለሁበት ነኝ» ትላለች፣
«የከሳው ባንኬ ነው።» ሳቅን፣ ማድረቂያው ሲሽከረከር፣
ያ ሳቅ ግን ስንፍናዬን እሹሩሩ ሲል ነበር።
የማይሄዱበት መንገድ ሣር ይበቅልበታል ይባላል፤
እዚህ ሣሩ እስኪበቅል በረዶው ይቀድማል።

ቦህዳን የሚባል አንድ ሽማግሌ አለ፣
ከነውሻው ይወጣል፣ በረዶ ጣለ አልጣለ።
ሦስት ቀን ስጠፋ «የት ነበርሽ» አላለኝ፣
«ጎበዝ»፣ «በርቺ» ብሎ በቃል አልደለለኝ፤
«ስልሳ ሦስተኛው ጣውላ ተሰንጥቋል፣» አለኝ፣
«ስትወርጂ አስተውዪ።» ይኸው ነው የነገረኝ።
በነጋታው ወጣሁ። ለጀግንነት አይደለም፣ አይደለም ለድል፣
ጣውላው ተጠግኖ እንደሆን፣ እንዲያው ለማየት ያህል።

አርባኛው ቀን መጣ፦ «ደረስሽ! እልል በይ!»
የት እንደደረስኩ አልነገረችኝም።
ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ወይም ሚዛኑ ተሳስቷል፤
ሐኪሙም «እንግዲህ እናያለን» ብሏል።

አርባ አንደኛው ቀን። ስልኩ ዝም።
አሥራ አንድ ከሩብ አለፈ፣ የጠራኝ የለም።
ጣሪያውን እያየሁ ቆየሁ፣
እግሬን ካልሲ ሲፈልግ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት።
ያን ቀን ግማሹን ወጥቼ ነው የተመለስኩት፤
ዘጠና ሦስት።
ከዚያ ላይ ወንዙ ይታያል፣
በረዶው መሃል ለመሃል ተተርትሮ
ጥቁር ውኃ ይሄዳል፣ ቀጭን፣
ማንም «አይዞህ» ሳይለው፣ ማንም ሳይቆጥርለት።

ማታ ከሥራ መልስ ስልኩን ከፈትኩና
ለመጪዋ ሴትዮ፣ ለሚያዝያዋ፣ ጻፍኩ እንደገና።
አንበሳ አላልኳትም፣ ድል አልማልኩላት፣
ትንፋሽ የሚጨርስ ቃል አልጫንኩባት፤
እንዲህ ብቻ አልኩ፦
«ካልሲው ማሞቂያው ላይ ነው፣ ደርቋል።
ስልሳ ሦስተኛው ጣውላ እስካሁን ተሰንጥቋል።
ግማሹም መንገድ ነው።
እሑድ ተኚ፤ እኔም እተኛለሁ።»